ከአባት የቀረ ጠመንጃ፦ ማንነቱ፣ ዋጋውና ባለመብቶቹ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



እንደሚታወቀው በአገራችን፣ በተለይም በገጠሩ ክፍል፣ አንድ አባወራ ወደ አኺራ ሲሻገር ከሚተዋቸው ንብረቶች መካከል ብዙ ጊዜ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ይገኛል። የበሬው ዕድሜ በጥርሱ ይታወቃል፤ የመሬቱ ወሰን በጎረቤት ይመሰከራል፤ የላሚቱ ዋጋ ገበያ ወጥቶ ይጠየቃል። ጠመንጃው ግን ምሰሶ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ወይም ቆጥ ላይ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይቀመጣል። የሚወራለት ብዙ፣ የሚታወቅለት ግን ጥቂት ነው። አንዱ «የአድዋ ነው» ይላል፤ ሌላው «አያታችን ከጣሊያን የማረከው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይህ ዝገት የበላው ብረት ምን ይረባል» ብሎ ያጣጥለዋል።

ይህ አለመታወቁ ታዲያ ተራ ነገር አይደለም። ከእርሱ የተነሳ በቤተሰብ ውስጥ ሁለት ዓይነት በደል ሲፈጸም ይታያል። የመጀመሪያው፣ ጠመንጃ «የወንድ ዕቃ ነው» ተብሎ ያለ ምንም ግምት በታላቁ ወንድ ልጅ እጅ ይገባና እናትና እኅቶች፣ አንዳንዴም ገና ያልደረሱ የቲሞች ድርሻቸውን ያጣሉ። ሁለተኛው፣ ምንነቱ ስላልተለየ ሰደፉ ተፍቆ፣ አፈሙዙ በመጋዝ ተቆርጦ፣ ማህተሙ በሞረድ ጠፍቶ፣ የቤተሰቡም የአገሩም ታሪክ አብሮ ይጠፋል። ያልታወቀ ዕቃ በትክክል ሊገመት፣ ያልተገመተም ዕቃ በትክክል ሊከፋፈል አይችልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ አሮጌ የጦር ጠመንጃ ማንነቱ እንዴት እንደሚለይ፣ ዋጋው በምን እንደሚመዘን፣ በመጨረሻም የማን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ማንኛውም ጠመንጃ፣ የቱንም ያህል ቢያረጅ፣ ጥይት ጎርሷል ብሎ መነሳት ግድ ነው። «ሠላሳ ዓመት ያልተነካ ነው» ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎርሶ የተቀመጠም ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ሕፃናት ከክፍሉ ይውጡ፤ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፤ ጣት ከቃታው ይራቅ።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለበል የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይቶቹን የሚይዘው ከአፈሙዙ ሥር በተጋደመ ረጅም ቱቦ ውስጥ ነው። አንዷ ጥይት ስትወጣ ባዶ የሆነ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሎች እስከ ስምንት የሚደርሱ ጥይቶች ቱቦው ውስጥ ተደርድረው ሊቀሩ ይችላሉ። እንዲሁም ወደኋላ የሚሳበው መቀርቀሪያ በዝገት ተጣብቆ እንቢ ካለ በመዶሻ መምታት ወይም በጉልበት መታገል አይገባም። የሚያውቅ ሰው፣ በተለይም የፖሊስ የመሣሪያ ባለሙያ፣ እንዲያራግፈው ማድረግ ይሻላል። ከዝናር የተገኙ አሮጌ ጥይቶችም እሳት ዳር አይቀመጡ፤ አይቀጥቀጡ፤ ለልጆች መጫወቻ አይሰጡ።

«እስቲ ይሠራ እንደሆነ እንሞክረው» ማለትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። በጥንቱ ጥቁር ባሩድ እንዲተኩስ የተሠራ ብረት ጠንካራ የዘመን ባሩድ ሲገባበት ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በየሠርጉ የሚተኮሰውም ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ተመልሶ በሰው ልጅ ላይ ይወርዳል።

ይህ ጥንቃቄ ከዲናችን ትምህርት የመነጨ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሰው የአባትና የእናቱ ልጅ በሆነው ወንድሙ ላይ እንኳን ብረት ቢቀስር መላእክት እንደሚረግሙት አስተምረዋል። የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበልንም ከልክለዋል። በቀልድም ይሁን በቁም ነገር በመሣሪያ መጫወት የለም ማለት ነው።

በአገራችን የገቡት እነማን ናቸው?

በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ የሚገኙ አሮጌ ጠመንጃዎች አንድ ቦታ ተሠርተው የመጡ አይደሉም። የየዘመኑ ጦርነትና የየዘመኑ ንግድ ያመጣቸው ናቸው። ስለዚህ የጠመንጃውን ዓይነት ማወቅ የአገሩን ታሪክ እንደ ማንበብ ነው።

ሰናድር የሚባለው የእንግሊዞች ስናይደር ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ይዞት የዘለቀው ጠመንጃ ይህ ነበር። ጥይት የሚጎርሰው አንድ አንድ ሲሆን፣ መጉረሻው ክዳን ወደ ጎን የሚከፈት፣ መምቻውም ከውጭ በኩል እንደ መዶሻ የሚታይ ነው።

በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች የግብፅ ወታደሮች የታጠቁት ደግሞ የአሜሪካውን ሬሚንግተን ነበር። ከኋላው መምቻውና መዝጊያው ሁለት ጎን ለጎን እንደሚንከባለሉ ብረቶች ሆነው ስለሚታዩ በቀላሉ ይለያል። ለግብፅ የተሠሩት በብረታቸው ላይ የዐረብኛ ጽሑፍና አኃዝ ተቀርጾባቸዋል። መድረሳ ገብቶ ሐርፍ የቆጠረ ወጣት እንዲህ ያለውን ማህተም ለሽማግሌዎቹ ሊያነብላቸው ይችላል።

በብዛት የታወቀው ግን ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱም አንድ አንድ ጎራሽ ነው፤ ካዝና የለውም። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱና ዋነኛው ነበር። በዚያው ጦርነት የጣሊያን ወታደሮች የያዙት ቬተርሊ የሚባለውን ነው፤ ስፋቱ 10.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከሆዱ ሥር ወጣ ያለች አራት ጎራሽ ካዝና አለችው።

ቀደም ሲል የጠቀስነው ለበል የ1886 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ሲሆን 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከእርሱ ጋር ጭስ አልባ ባሩድ መጣ፤ የጠመንጃ አፈሙዝም ከዚያ ወዲህ እየጠበበ ሄደ።

ካርካኖ የጣሊያኖች የ1891 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው። 6.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ስድስት ጥይት በአንድ ማቀፊያ ታቅፎ ይጎርሳል፤ ከካዝናው ሥር ያለው ቀዳዳም ማቀፊያው ባዶ ሲሆን የሚወድቅበት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ አገራችን በብዛት የገባው ይህ ነው። ሊ ኤንፊልድ የእንግሊዞች ሲሆን 7.7 ሚሊ ሜትር፣ አሥር ጎራሽ፣ ካዝናው ከቃታው ፊት ለፊት ወደ ታች ወጣ ያለ ነው።

ቤልጅግ ተብሎ የሚጠራው ደግሞ በቤልጂግ አገር ኤርስታል በሚባል ከተማ የተሠራው የኤፍ ኤን ማውዘር ነው። ስፋቱ 7.92 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ አምስት ጎራሽ ሲሆን ካዝናው ከእንጨቱ ጋር እኩል ሆኖ ተደብቋል። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከተሠሩት መካከል የሞዓ አንበሳ ምስል የተቀረጸባቸው አሉ። በመጨረሻም በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተደረገው የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት በኋላ ስምንት ጎራሹ ኤም ዋን ጋራንድ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ምንሽር የሚለው ስም ማንሊኸር ከሚለው የመጣ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ካዝና ያለውንና በመቀርቀሪያ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ሁሉ በጅምላ ምንሽር ሲል ይሰማል። ስለዚህ «አባታችን ምንሽር ነበራቸው» የሚለው ንግግር ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ማህተሙን ማንበብ

ጠመንጃው መራገፉ በባለሙያ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ንባቡ ይገባል። የሚያስፈልገው ጥሩ ብርሃን፣ ለስላሳ ጨርቅና ጠመኔ ነው። ጽሑፉ ደብዝዞ እንደሆነ ጠመኔውን በላዩ ላይ ቀባ አድርጎ በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ነጩ ዱቄት ጎድጓዳው ፊደል ውስጥ ይቀርና ይነበባል። ከዚያም በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ፊደሉን ለማውጣት ብሎ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግን ፊደሉን ራሱን መብላት ነው።

የት የት ነው የሚታየው? አፈሙዙ ከጉርሻ ቤቱ ጋር የሚገናኝበት ወፍራሙ ብረት ላይ፣ የጉርሻ ቤቱ ግራ ጎን ላይ፣ መቀርቀሪያው ላይና ሰደፉ ላይ ነው። በውጅግራ ላይ የፋብሪካው ስም፣ ለምሳሌ ሴንት ኤቲየን፣ ሻቴለሮ ወይም ቱል የሚል በፈረንሳይኛ ይገኛል። በካርካኖ ላይ ቴርኒ ወይም ብሬሻ የሚል የከተማ ስምና ዓመት አፈሙዙ ግርጌ ይታያል። በአንጋፋው ሊ ኤንፊልድ ላይ ከመቀርቀሪያው እጀታ ሥር፣ በቀኝ በኩል ባለው ብረት ላይ፣ ዘውድ፣ የንጉሡ ስም ምሕፃረ ቃል፣ ፋብሪካውና ዓመተ ምሕረቱ ተደርድረው ይገኛሉ።

በዚህ ንባብ ላይ ሦስት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ።

አንደኛ፣ የሞዴል ዓመትና የተሠራበት ዓመት አንድ አይደሉም። ውጅግራው ላይ 1874 የሚል ቢኖር ንድፉ የጸደቀበት ዓመት ነው፤ ጠመንጃው ራሱ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የተሠራበት ዓመት ብዙ ጊዜ አፈሙዙ ላይ ለብቻው ተመትቷል።

ሁለተኛ፣ ዓመቱ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወደ እኛው ለመመለስ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ይቀነሳል። 1917 የሚል የተገኘ እንደሆነ በእኛ 1909 ወይም 1910 ዓ.ም. ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በፋሺስት ዘመን የተሠሩ የጣሊያን ጠመንጃዎች ከተለመደው ዓመት ሌላ በሮማውያን አኃዝ የተጻፈ ትንሽ ቁጥር አላቸው። ይህ የሙሶሊኒ አገዛዝ ዓመት ሲሆን በየጥቅምቱ ይለወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን 1914 ላይ ደምሩት። 16 የሚል ካለ ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው።

ማህተሙ ፈጽሞ የማይነበብ ከሆነም ጠመንጃው ስም አልባ አይሆንም። የአፈሙዙን ስፋት በማስመሪያ መለካት፣ ስንት ጎራሽ እንደሆነ መቁጠር፣ የካዝናውን ቅርጽ ማየትና ርዝመቱን መያዝ ብቻ ከላይ ከዘረዘርናቸው መካከል የትኛው እንደሆነ ለመለየት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የአያት ወሬና የብረት ምስክርነት

የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ወሬ ሲመረምሩ ሁለት ነገር ያያሉ። አንዱ ኢስናዱ ነው፤ ማን ከማን ሰምቶ አስተላለፈው? ሌላው መትኑ ነው፤ የተባለው ነገር ራሱ ከታወቀው እውነት ጋር ይስማማል ወይ? ይህንን ሚዛን ለቤታችን ወሬም ልንጠቀምበት እንችላለን።

«ይህ ጠመንጃ በ1888 አድዋ የዋለ ነው» የሚል ወሬ ቢኖርና አፈሙዙ ላይ 1917 የሚል ቢነበብ፣ ያ ጠመንጃ አድዋ ሊውል አይችልም፤ ጦርነቱ ሲደረግ ገና አልተሠራምና። ይህ ማለት ግን አያት ዋሹ ማለት አይደለም። አድዋ የዋለው ሌላ ጠመንጃ ተሽጦ ወይም ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ወሬው ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ተሸጋግሮ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ ዓመቱ 1880 (እ.ኤ.አ.) ቢሆን ለአድዋ መድረስ ይችል ነበር ማለት እንጂ በርግጥ ደረሰ ማለት አይደለም። ብረቱ የሚናገረው መቼና የት እንደተወለደ ነው፤ የት የት እንደዋለ የሚናገሩት ሰዎች ናቸው።

ስለሆነም ወጣቶች ሆይ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ማን ከማን ተቀበለው? በስጦታ ነው፣ በግዢ፣ በምርኮ ወይስ በመያዣ? ያየ ሰው አለ? መልሱን ከነተናጋሪው ስምና ከተጠየቀበት ቀን ጋር በደብተር ጻፉት። ወረቀት ካለ፣ የድሮ ፈቃድም ሆነ ደረሰኝ፣ ከጠመንጃው ጋር አስቀምጡት። የወረቀቱ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከብረቱ ይበልጣል።

ዋጋውን የሚያነሳውና የሚጥለው

አሮጌ የጦር ጠመንጃ እንደ አዲስ መሣሪያ በመተኮስ ችሎታው አይመዘንም። የሚመዘነው በአምስት ነገሮች ነው።

የመጀመሪያው ዓይነቱና ብርቅነቱ ነው። በብዛት የተሠራ ካርካኖና የሞዓ አንበሳ ማህተም ያለበት ቤልጅግ እኩል አይታዩም። ሁለተኛው የአካሉ አንድነት ነው። የጉርሻ ቤቱ፣ የመቀርቀሪያውና የሰደፉ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ ክፍሎቹ ከፋብሪካ አብረው የወጡ ናቸው፤ የተለያዩ ከሆኑ ከተለያየ ጠመንጃ የተገጣጠመ ነው። ሦስተኛው የአፈሙዙ ውስጥ ነው። ጠምዛዛው መስመር ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ መልካም ነው፤ ዝገት ቦርቡሮት ጉድጓድ ጉድጓድ ካወጣ ዋጋው ይወርዳል። አራተኛው እንጨቱ ነው፤ ስንጥቅ፣ ምስጥና የተጨመረ ቁራጭ ይታያል። አምስተኛው ታሪኩ ነው፤ በወረቀት ወይም በምስክር የተደገፈ ታሪክ ያለው ከሌለው ይበልጣል።

ብዙ ቤተሰብ ዋጋውን የሚያጠፋው «ላሳምረው» ብሎ ነው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት፣ ብረቱን አሽቶ እንደ መስተዋት ማብለጭለጭ፣ ረጅሙን አፈሙዝ ቆርጦ ማሳጠር፣ አዲስ ቀዳዳ መብሳት፣ እነዚህ ሁሉ የማይመለስ ጥፋት ናቸው። በአንጻሩ የጥንት ባለቤቶች የተሰነጠቀውን ሰደፍ በጥሬ ቆዳ ሸፍነው ወይም በናስ አስረው ከሆነ አትንኩት። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ጠመንጃው በኢትዮጵያ ሰው እጅ የኖረበት ምስክር ነው። በቅርብ ዓመታት ከአገራችን የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ታይቷል። እኛ «ዝገት የበላው» ያልነውን ሌላው ማህተሙን አንብቦ ገንዘብ አውጥቶበታል።

አያያዙም ከባድ አይደለም። ብረቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በስሱ የጠመንጃ ዘይት መቀባት፣ ከእርጥበትና ከጭስ ማራቅ፣ ተቆልፎ በሚዘጋ ሣጥን ማስቀመጥ ይበቃል። በቆዳ አፎት ውስጥ ለረጅም ጊዜ መተው ግን አይገባም፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን ያዝገዋል።

ጠመንጃው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚህ ዓለም ሲለዩ ዲርሃምም ዲናርም አልተዉም። ዐምር ኢብኑል ሓሪስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት የተዉት ነጭ በቅሏቸውን፣ መሣሪያቸውንና ሰደቃ ያደረጉትን መሬት ብቻ ነበር። የብረት ጥሩራቸውም በዚያን ጊዜ በ30 ሷዕ ገብስ መያዣነት አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ነበር። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያ ዋጋ ያለው፣ ለዕዳ መያዣ የሚሆን ንብረት መሆኑን ነው።

ንብረት ከሆነ ደግሞ የሚራስ ሕግ ይመለከተዋል። በቅድሚያ ጠመንጃው በርግጥ የሟቹ ነበር ወይ? መንግሥት ለሚሊሺያነት ወይም ለጥበቃ የሰጠው ከሆነ ተመላሽ ነው፤ ወራሾች ምንም ድርሻ የላቸውም። ሌላ ሰው በአደራ ወይም በመያዣ ያስቀመጠው ከሆነም ለባለቤቱ ይመለሳል። የሟቹ መሆኑ ሲረጋገጥ ከጠቅላላው ንብረት የቀብር ወጪ ይወጣል፤ ዕዳ ይከፈላል፤ ከሲሶ ያልበለጠ ወሲያ ካለ ይፈጸማል፤ የቀረው አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ በደነገገው መሠረት ይከፋፈላል። በዚያ ሱራ ውስጥ «ጠመንጃና ፈረስ ለወንድ፣ ሸክላና ድስት ለሴት» የሚል ክፍፍል የለም። ለእያንዳንዱ ወራሽ ከያንዳንዱ ዕቃ፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ የታወቀ ድርሻ አለው።

ምሳሌ እንውሰድ። ወላጆቹ ቀድመውት የሞቱ አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ወንድና ሦስት ሴት ልጆች ትቶ ሞተ እንበል። ለስሌት እንዲመቸን ጠመንጃው 80,000 ብር ተገመተ እንበል። ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 10,000 ብር ትወስዳለች። የቀረው 70,000 ብር ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ በሚለው ደንብ ሰባት ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ወንድ 20,000፣ እያንዳንዷ ሴት 10,000 ብር ያገኛሉ። ታላቅ ወንድም ጠመንጃውን ብቻውን ይዞ ቢቀር በእጁ ያለው የራሱ 20,000 ብርና የሌሎች 60,000 ብር ነው ማለት ነው።

«አባታችን ሲሞቱ ለእኔ ተናዘውልኛል» የሚለውስ? ለወራሽ የሚደረግ ኑዛዜ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በስተቀር እንደማይጸና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደንግገዋል። አባት ጤነኛ ሆነው ሳሉ በሕይወታቸው ሰጥተውት፣ ልጁም ተረክቦት ከሆነ ስጦታ ነውና ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ግን ምስክር ያስፈልጋል። በሕይወት ያሉ አባቶችም ልብ ይበሉ። ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ.) እንዳወሩት አባታቸው ለእርሳቸው ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለምስክርነት ቢጠይቁ፣ ለሌሎቹ ልጆች አለመሰጠቱን ሲረዱ መመስከርን አልፈቀዱም።

ጠመንጃ ተሰንጥቆ አይከፈልም። ስለዚህ ዕውቀት ባላቸው ሰዎች ይገመትና ከወራሾች አንዱ፣ በሕግ ሊይዘው የሚችለው፣ የሌሎቹን ድርሻ ከፍሎ ወይም ከሌላው ንብረት አቻችሎ ይወስደዋል። ይህን ፉቀሃዎች ተኻሩጅ ይሉታል። ለአካለ መጠን የደረሱ ወራሾች በፈቃዳቸው ድርሻቸውን ቢተዉ ይችላሉ፤ ነገር ግን «እኅቶቼ ትተውልኛል» የሚባለው ይሉኝታ አስገድዷቸው እንዳይሆን ይጠንቀቁ። የየቲምን ድርሻ ግን እናትም ሆነች አጎት ሊተዉበት አይችሉም። የየቲምን ገንዘብ የሚበሉ በሆዳቸው እሳት እንደሚበሉ ቁርኣን አስጠንቅቋልና።

የአገሩን ሕግ ማክበር

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መግዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ፈቃድ ለሰው እንጂ ለቤት አይሰጥም፤ «አባቴ ፈቃድ ነበራቸው» ማለት ልጁን ባለፈቃድ አያደርገውም። ስለዚህ ወራሾች መሣሪያ ከሟች መቅረቱን ሳይዘገዩ በአካባቢያቸው ለሚገኝ ፖሊስ አሳውቀው የሚሰጣቸውን መመሪያ መከተል ይገባቸዋል። በጓዳ ሸሽጎ ማቆየትም ሆነ ለደላላ በስውር መሸጥ ሁሉንም ወራሾች ችግር ላይ ይጥላል። ቅርስነት ያለውን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። በክፍፍሉ ላይ አለመግባባት ከተነሳና ወገኖቹ ከተስማሙ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ የፌዴራሎቹ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩ ናቸው።

ማንም ሊይዘው ካልቻለ ደግሞ ሌላ መልካም በር አለ። ወራሾች ሁሉ ተስማምተው፣ የየቲሞቹንም ድርሻ ከሌላው ንብረት ከካሱ በኋላ፣ ከነታሪኩ ለሙዚየም ቢሰጡት ማንም ሳይጎዳበት ትውልድ ይማርበታል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ አማና ካለ ሥራው ብዙ አይደለም። በባለሙያ አስራግፉት፤ ማህተሙን አንብባችሁ ፎቶ አንሱት፤ የሽማግሌዎቹን ቃል ጻፉ፤ ለፖሊስ አሳውቁ፤ በሁለት በሚያውቁ ሰዎች አስገምቱ፤ ከዚያም እናትንና እኅቶችን ጨምሮ ወራሾች ሁሉ በተገኙበት ድርሻውን አስሉ። የግምቱንና የድርሻውን ወረቀትም ሁሉም ይፈርሙበት። አባት በዚያ ብረት ቤቱን ጠብቆ ኖሮ ይሆናል፤ ብረቱ ከእርሱ በኋላ ልጆቹን የሚያጣላ መሆን የለበትም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ለባለሐቁ ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።